የብቸኛ ዓሣ ረኃብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የበጋ ሰሞን፣ አንድ ተማሪያችን የጣት ርዝመት ያላት ዓሣ በመስታወት ዕቃ ይዞ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራችን መጣ። ዓሣዋን የያዛት ከዴዴሳ ወንዝ ዳር፣ ውኃው ሲሸሽ ትቶት ከሄደው ኩሬ ውስጥ ነበር። «መምህር፣ ምግብ አላጓደልኩባትም፤ ውኃዋንም እቀይርላታለሁ፤ ታዲያ ለምንድን ነው የምትከሳው?» ሲል ጠየቀን። እኛም እንደ ልማዳችን ምክንያቶችን ደረደርን፦ የውኃው ሙቀት፣ በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ማነስ፣ ከራሷ ሰውነት የሚወጣው የአሞኒያ ክምችት። መልሳችን ስሕተት አልነበረበትም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳንጠይቀው ቀረን። «ስትይዛት ስንት ነበሩ?» አላልነውም።

ይህ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። በመንጋ ለሚኖር ዓሣ ጓደኛ ማጣት ራሱን የቻለ የኃይል ወጪ ነው። ስለሆነም እንዲህ ያለው ዓሣ ምግብ ሳይጎድልበትም ሊራብ ይችላል የሚል እምነት አለን። ከዚህም አልፎ፣ አንድን ማኅበራዊ እንስሳ ነጥለን ስንለካው ውጤቱ የሚነግረን ስለ እንስሳው ብቻ ሳይሆን ስለ መነጠሉም ጭምር መሆኑን ተማሪዎቻችን ከወዲሁ ሊያውቁት ይገባል እንላለን። ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ይህ ቀላል ኑዛዜ አይደለም። ሙያችን የቆመው አንድን አካል ከአካባቢው ለይቶ፣ የሚያርፉበትን ኃይሎች ቆጥሮ፣ ጠባዩን በመተንበይ ላይ ነውና። በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ ከሌሎች ድንጋዮች ቢለይ ክብደቱ አይለወጥም። ዓሣ ግን ድንጋይ አይደለም።

የመንጋ ጥቅም

ከዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ በጨቅላነት ዘመናቸው በመንጋ እንደሚኖሩ ይገመታል። ይህ አኗኗር የሚያስገኘው ጥቅም በልዩ ልዩ መንገድ ተፈትሿል።

የመጀመሪያው ጥቅም ምግብ ፍለጋን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ፒቸር፣ ማጉራንና ዊንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሚኖው በተባለው ዓሣና በወርቅማ ዓሣ ላይ ባደረጉት ሙከራ የመንጋው ቁጥር ሲጨምር ምግቡን ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ አጠረ። ብዙ ዓይን ብዙ ቦታ ያያል፤ አንዱ ምግብ ሲያገኝ ሌሎቹ ከአኳኋኑ ይረዳሉ።

ሁለተኛው አደጋን መካፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዋርደር ክላይድ አሊ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ወርቅማ ዓሦችን የተበተነ የብር ቅንጣት በተጨመረበት መርዛማ ውኃ ውስጥ አስቀመጠ። በቡድን የተቀመጡት ለየብቻቸው ከተቀመጡት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ። ከዓሦቹ ሰውነት የሚወጣው ልጋግ የመርዙን ከፊል ስለሚያዘቅጠው ብዙ ሆነው ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አነሰ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው ጥቅም ወደ ፊዚክስ ይበልጥ ይቀርባል። የሚዋኝ ዓሣ በጅራቱ ውኃውን እየገፋ ከኋላው አዙሪት ይተዋል፤ ከጎኑ ወይም ከኋላው የሚዋኘውም በዚህ አዙሪት ሊጠቀም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዣንግና ላውደር የተባሉ ተመራማሪዎች ጃይንት ዳንዮ የተባለውን ትንሽ ዓሣ በሚናወጥ ውኃ ውስጥ አዋኝተው ፍጆታውን ሲለኩ፣ በመንጋ የዋኙት ብቻውን ከዋኘው ጋር ሲነጻጸሩ እስከ 79 በመቶ የሚደርስ ኃይል መቆጠባቸውን አገኙ። ክረምት ሲገባ የአንገርን ወይም የዴዴሳን ደፍራሽ ጎርፍ ያየ ሰው የሚናወጥ ውኃ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

ተቀምጦ መክሰር

ከላይ የተዘረዘሩት ጥቅሞች ዓሣው ሲንቀሳቀስ፣ ሲፈልግ ወይም ሲሸሽ የሚገኙ ናቸው። ዓሣው ምንም ሳይሠራ ቢቀመጥስ? እኛን ይበልጥ ያስደነቀን የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የአንድን ዓሣ የኃይል ፍጆታ ለመለካት የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ዓሣውን ውኃ በሞላበት ዝግ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ መመዝገብ ብቻ ይበቃል። ዓሣ አንድ ሚሊግራም ኦክስጅን ሲጠቀም 14 ጁል ገደማ ኃይል ስለሚያወጣ የኦክስጅኑ ቅናሽ በቀጥታ ወደ ኃይል ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ናድለርና ባልደረቦቿ ክሮሚስ ቪሪዲስ የተባለውን በኮራል ሪፍ አካባቢ በመንጋ የሚኖር ዓሣ በዚህ ዘዴ አጠኑ። ዓሣው በሁሉም ጊዜ ብቻውን በዕቃው ውስጥ ነበር። የተለዋወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው፤ አንዳንዴ የመንጋ ጓደኞቹን ያያል፣ ሽታቸውም ይደርሰዋል፤ አንዳንዴ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያገኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱንም ያጣል። ጓደኞቹን እያየና እያሸተተ የተቀመጠው ዓሣ ዝቅተኛ የኃይል ፍጆታ ምንም ምልክት ካልደረሰው ዓሣ በ26 በመቶ አንሶ ተገኘ። ከዚህም በላይ፣ ለአንድ ሳምንት ተነጥለው የቆዩት በቡድን ከቆዩት ይልቅ የሰውነታቸው ይዞታ አሽቆለቆለ።

የዚህን ቁጥር ትርጉም በአንድ ምሳሌ እናስላው። ብቸኛው ዓሣ በቀን 100 አሐድ ኃይል ይፈጃል፣ በሰውነቱም 1,000 አሐድ ስንቅ አለው እንበል። ምግብ ቢቋረጥበት ስንቁ በ10 ቀን ያልቃል። ጓደኞቹ ያሉት ግን በቀን 74 አሐድ ስለሚፈጅ ያው ስንቅ 13 ቀን ተኩል ያቆየዋል። የተለካው ዝቅተኛው ፍጆታ ስለሆነ፣ ዓሣው በወንዝ ውስጥ ሲኖር ልዩነቱ ልክ ይህን ያህል ይሆናል ማለት አይደለም፤ ከዝርያ ዝርያም ይለያያል። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። ብቸኝነት ከዓሣው አፍ ምግብ አይነጥቅም፤ የበላውን ግን ቶሎ ያስጨርሰዋል። ፍርሃት የማያቋርጥ ንቃትን ይጠይቃል፤ ንቃትም በኦክስጅን የሚከፈል ዋጋ አለው።

ስለ አንጎልም ጥቂት እንበል። ዜብራፊሽ በመባል በምትታወቀው ባለ ሸንተረር ትንሽ ዓሣ ላይ በርካታ ጥናቶች ተካሂደዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በለንደን ቱንባክና ባልደረቦቿ ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከጓደኞቻቸው ለ48 ሰዓት ብቻ የተለዩ ዓሦች መልሰው ሲቀላቀሉ ወደ መንጋው በመሮጥ ፈንታ ሲሸሹ ታዩ። ይህንን ጠባይ ጭንቀትን የሚያስታግስ መድኃኒት አስተካከለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዊና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ የተነጠሉ የዜብራፊሽ እጮች የምግብ ፍላጎታቸው እንደሚቀንስና ለዚህም ኦክሲቶሲን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ድርሻ እንዳላቸው አሳየ። የእነዚህ ሕዋሳት እንቅስቃሴ ከወገን ዓሦች ወደ ውኃው በሚለቀቀው የኬሚካል ምልክት ይገታል። እንግዲህ ምግብ በፊቱ እያለ የማይበላ ዓሣ የግድ የታመመ ላይሆን ይችላል።

ረኃብ መንጋውን ሲያላላ

እስካሁን ያየነው ብቸኝነት ወደ ረኃብ የሚወስደውን መንገድ ነው። የመልሱስ መንገድ እንዴት ነው?

በብዙ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ምልከታዎች የተራበ ዓሣ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለውን ርቀት እንደሚያሰፋ ያመለክታሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ የንስ ክራውዘ በ1990ዎቹ ሮች በተባለው ዓሣ ላይ ባካሄዳቸው ሙከራዎች የተራቡት ዓሦች ወደ መንጋው ፊት እንደሚወጡ አስተዋለ። በፊት ያለው ምግቡን ቀድሞ ያገኛል፤ አዳኙንም ቀድሞ ያገኘዋል። የጠገበው ግን መሐል መሆንን ይመርጣል። በሌላ አነጋገር በመንጋ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዓሣ ደኅንነትን በአንድ እጅ፣ ምግብን በሌላ እጅ ይዞ ዘወትር ይመዝናል፤ ረኃብ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ያዘነብለዋል።

የፊዚክስ ተማሪ ይህንን በሚያውቀው ቋንቋ ሊረዳው ይችላል። ጃፓናዊው አኦኪ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ከእሱም በኋላ ኩዚንና ባልደረቦቹ በ2002 ያቀረቧቸው የመንጋ ሞዴሎች ጥቂት ሕግጋት ብቻ አሏቸው፦ በጣም ከቀረበህ ራቅ፤ መካከለኛ ርቀት ላይ ካለህ ከጎረቤትህ ጋር አቅጣጫህን አስተካክል፤ ከራቅህ ተጠጋ። የእነዚህ ክልሎች ስፋት ሲለወጥ፣ ውኃ ከበረዶነት ወደ ፈሳሽነት እንደሚለወጥ ሁሉ፣ መንጋውም ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላው በድንገት ይሸጋገራል። ረኃብን እነዚህን ርቀቶች እንደሚለውጥ መጠን አድርገን ብናስበው፣ ትንሽ የምግብ እጥረት እንዴት የመንጋ መበተን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሁለቱን መንገዶች አንድ ላይ ስናደርጋቸው አዙሪት ይፈጠራል። ረኃብ መንጋውን ያላላል፤ የላላው መንጋ አባላቱን ያስፈራል፤ የፈራው ብዙ ይፈጃል፤ ብዙ የፈጀው ይበልጥ ይራባል። ይህ አዙሪት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ዝርያ ላይ በአንድ ሙከራ የታየ አይደለም፤ ከተለያዩ ጥናቶች ተነሥተን የደረስንበት የእኛ ግምት ነው። ተማሪው እንደ ግምት ወስዶ ቢፈትነው ደስ ይለናል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጓደኛ ሲበዛ አፍም ይበዛል፤ ምግብ ባነሰበት ቦታ ብዙ መሆን ምን ይጠቅማል? ተቃውሞው እውነት አለው። ምግቡ በአንድ ጥግ ሲጣል ጉልበተኛው ይዞት ሌሎቹ ይጾማሉ። ቆሮሶ በሚባለው የቲላፒያ ዝርያ ወንዶቹ ለመራቢያ የያዙትን ቦታ በጠብ ይከላከላሉ። የአምባዛ ጫጩቶች ምግብ ሲያጥራቸውና በመጠን ሲበላለጡ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። ስለዚህ የእኛ አቋም «በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚል አይደለም። ቁጥር እንደ ሙቀትና እንደ ኦክስጅን ሁሉ የሚለካና የሚመዘገብ መጠን ይሁን ነው የምንለው።

ከነቀምቴ እስከ ፊንጫአ

ይህ ጉዳይ ለወለጋ ሩቅ አይደለም። ዴዴሳ፣ አንገርና ዳቡስ ውኃቸውን ወደ ዓባይ ይገብራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅም ከእነሱ ድርሻ አለው። በሆሮ ጉዱሩ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው የፊንጫአ ግድብ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። ውኃ አላነሰንም፤ ዓሣም እንዲሁ።

በበጋ ወራት ትንንሾቹ ገባሮች ሲሳሱ ወንዙ ወደ ተቆራረጡ ኩሬዎች ይለወጣል። በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ የቀሩት ዓሦች የዚህን ጽሑፍ ሁለት ርእሶች በአንድነት ይቀምሳሉ፤ ከዋናው መንጋ ተነጥለዋል፣ ምግቡም በየቀኑ ያንሳል። ውኃው ሲሞቅ ችግሩ ይብሳል። የዓሣ ሰውነት ሙቀት የውኃውን ስለሚከተል በየ10 ዲግሪ ሴልሲየስ ጭማሪ ፍጆታው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የሞቀ ውኃ ግን የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው ነቀምቴ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ሙቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከቆላው ወንዝ ተይዞ ወደ ከተማችን በአንድ ብርጭቆ የሚመጣ ዓሣ ስንት ነገር በአንድ ጊዜ እንደሚለወጥበት ተማሪያችን ባወቀ ኖሮ! እኛም ባሰብንበት ኖሮ!

ከዚህ የምናቀርባቸው ሐሳቦች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓሣ በአንድ ዕቃ አስቀምጦ «ይህ ዓሣ ነው» ብሎ ማሳየት ይቅር። ቢቻል ስድስት ወይም ስምንት እኩያ ዓሦች በሰፊ ዕቃ ይቀመጡ፤ ካልተቻለ ተማሪዎች ወደ ወንዝ ዳር ወርደው በቦታው ይመልከቱ። ዓሣውን ከቦታው ሳያነሡ መመልከት ርካሽና ርኅራኄ ያለበት ሳይንስ ነው።

ሁለተኛ፣ ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ማርባት የጀመሩ ወጣቶች ጫጩቶቹን በመጠን እየለዩ ያስቀምጡ፤ ምግቡንም በአንድ ጥግ ሳይሆን በኩሬው ላይ በስፋት ይበትኑ። ከቦታ ወደ ቦታ ሲያጓጉዙም አንድና ሁለቱን ነጥሎ ከመውሰድ እኩያዎቹን በአንድነት፣ በቂ ውኃና አየር ባለበት ዕቃ መውሰድ ይመረጣል። መኖ ውድ በሆነበት አገር ያለ ጥቅም የሚቃጠል ኃይል በገንዘብ ይተመናል።

ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ይህንን ጥያቄ ይያዙት። የሚያስፈልገው መሣሪያ የኦክስጅን መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ሚዛንና ሰዓት ነው። ሁለት ዕቃዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። መጀመሪያ በመካከላቸው ካርቶን አድርጉ፤ ቀጥሎ ካርቶኑን አንሡና ዓሦቹ ይተያዩ፤ በመጨረሻ ውኃውን አገናኙት። በየደረጃው የኦክስጅኑን ቅናሽ መዝግቡ። የኮራል ሪፉ ዓሣ ያሳየውን የዴዴሳ ዓሣ ያሳይ እንደሆነ ከዚህ ቤት የሚወጣ መረጃ ይንገረን። ሙከራው ሲያልቅ ዓሦቹን ከተወሰዱበት ወንዝ መመለስ የሙከራው አንድ ክፍል ነው።

ስለ ራሳችን ጥቂት

ሰው ዓሣ አይደለም። ከአንድ እንስሳ የተገኘን ውጤት ዘሎ ወደ ሰው መውሰድ በሳይንስ ስም ከሚሠሩ ስሕተቶች አንዱ ስለሆነ ተማሪዎቻችን እንዲጠነቀቁት ዘወትር እንመክራለን። ስለዚህ የሚከተለውን የምንናገረው እንደ ውጤት ሳይሆን እንደ አንድ አስተማሪ ትዝብት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ወራት በምዕራብ ኦሮሚያ በርካታ አካባቢዎች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ኮሮና ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሸኙ። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ በእጁ የነበረ ተማሪ ሁሉ አላነበበም። ከተመለሱ በኋላ ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ «መጽሐፉ ነበረኝ፤ የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረኝም» አሉን። በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ የሚያስተምር ባልደረባም ያነበበውን የሚያነጋግረው ሰው ሲያጣ ዕውቀቱ እየሳሳ መሄዱን ራሱ ይነግረናል። እኛ ግን ስለ ትምህርት ጥራት ስንነጋገር የምንቆጥረው መኖውን ብቻ ነው፦ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ኮምፒውተር፣ ስንት መሣሪያ። እነዚህ ያስፈልጋሉ፤ እጥረታቸውም እውነተኛ ረኃብ ነው። ሆኖም በወር አንድ ቀን የእነዚህ ከተሞች መምህራንና ተማሪዎች ተገናኝተው የሚወያዩበት መድረክ ከብዙ ሣጥን መጽሐፍ ያላነሰ ዋጋ እንዳለው እናምናለን፤ መንገድ በማይመችበት ጊዜ በስልክም ቢሆን።

ያቺን ትንሽ ዓሣ ምን እንደ ገደላት በእርግጠኝነት መናገር አንችልም። ከሦስት ቀን በኋላ ሞታ ተገኘች፤ ሙቀቱ፣ ኦክስጅኑ፣ አሞኒያው ወይም ብቸኝነቱ፣ ወይም ሁሉም በአንድነት ሊሆን ይችላል። ከእሷ የተማርነው ግን የመመዝገቢያ ቅጻችንን አስለውጦናል። ዛሬ በቤተ ሙከራችን ሕይወት ያለው ነገር በሚለካበት ቅጽ ላይ ከሙቀትና ከሰዓት ቀጥሎ አንድ ዓምድ ተጨምሯል። «ከስንት ጋር ነበር?» ይላል።